«የቀባኋቸውን አትዳስሱ» የተባለው ለማን ነው?

የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መሪዎች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «በሚለዋወጥ ትምህርት መካከል ጸንቶ መቆም» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ነው፤ እኔ ግን አንዱን ጥግ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። ትምህርት ሲለወጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚለወጠው የጠያቂው ስም ነው። ትናንት ትጉህ ተማሪ የተባለው ዛሬ ዐመፀኛ ይባላል።

ይህ በእኛ ዘመን አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡ አባቶች ወልድን ፍጡር ያደረገውን የአርዮስን ትምህርት አወገዙ። ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር፤ አላለቀም። ከቆስጠንጢኖስ በኋላ ልጁ ቆንስጣንዮስ ሲነግሥ ቤተ መንግሥቱ ወደ ሌላው ወገን አጋደለ። የኒቅያን ሃይማኖት አልለቅም ያለው የእስክንድርያው አትናቴዎስ በሕይወት ዘመኑ አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰደደ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በዚህ አልበቃውም፤ እጁን እስከ አክሱም ዘረጋ። ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ላከ፤ በአትናቴዎስ የተሾመው ፍሬምናጦስ ወደ ግብፅ ተመልሶ፣ በአትናቴዎስ ምትክ በተቀመጠው በጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር ጠየቀ። ፍሬምናጦስ ማለት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው ነው። ደብዳቤውን አትናቴዎስ በጽሑፉ ውስጥ አኑሮልናል። የአትናቴዎስን ክፋት ይደረድራል፤ ፍሬምናጦስ የሳተውን የመጽሐፍ ቃል ግን አንድም አይጠቅስም። ጥፋቱ የማን ደቀ መዝሙር መሆኑ ብቻ ነው።

ከዚያም እ.ኤ.አ. በ359 የምዕራቡ ጳጳሳት በጣልያን አገር በሪሚኒ ተሰበሰቡ። መጀመሪያ በኒቅያ ሃይማኖት ጸንተው ነበር። ወደ አገራቸው እንዳይመለሱ ተከልክለው ሲሰነብቱ ግን ንጉሠ ነገሥቱ የፈለገውን የእምነት ቃል ፈረሙ። በርካታ መቶ ጳጳሳት! የፈራሚው ብዛት ትምህርቱን እውነት አደረገውን?

እኛን የሚያስገድድ ንጉሠ ነገሥት የለም። እኛን ዝም ለማሰኘት አንድ ጥቅስ ይበቃል፤ እርሱም ከመካከሉ ተቆርጦ።

አብዛኞቻችሁ የምታውቋትን አንዲት እህት ላንሳ፤ ስሟን አልጠራም። ሕፃናትን በማስተማር ያረጀች ናት። አንድ እሑድ በእንግድነት የመጣ ሰባኪ «የታመመ ሁሉ እምነት የጎደለው ነው» ብሎ አስተማረ። አዳራሹ በአሜን ተናጋ። እርሷ ከጉባኤው በኋላ መጽሐፏን ይዛ፣ ድምፅዋን ሳታሰማ ቀረበችው። «ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆድህና ስለ በሽታህ ብዛት ጥቂት የወይን ጠጅ ጠጣ ብሎታል። ጥሮፊሞስንም ታሞ በሚሊጢን ትቶታል። እነዚህ እምነት ጎድሏቸው ነበርን?» አለችው። መልስ የሚሆን ጥቅስ አላገኘችም፤ ማስፈራሪያ ግን አገኘች። «የተቀባ ሰው የሚነካ ወዮለት» ተባለች። በሳምንቱ ክፍሏ ለሌላ ተሰጠ። ሐኪም ቤት የሚመላለስ ልጅ እንዳላት ታውቃላችሁ። ያ ስብከት በእርሷ ጆሮ ምን ይመስል እንደነበር ማንም አልጠየቃትም። ሽማግሌዎቻችን፣ ክፍሏን መልሱላት፤ ቀላል ነገር ነው፤ ጉባኤ መጥራት አያስፈልገውም።

ያስፈራሯትን ጥቅስ እስኪ እንክፈተው። መዝሙር 105፣ ቁጥር 15፤ «የቀባኋቸውን አትዳስሱ፥ በነቢያቴም ክፉ አታድርጉ» ይላል። ጥቂት ከፍ ብላችሁ ከቁጥር 12 ጀምራችሁ አንብቡ። ስለ አብርሃም፣ ስለ ይስሐቅና ስለ ያዕቆብ ነው የሚናገረው። በቁጥር ጥቂቶች፣ በአገሩ መጻተኞች፣ ከሕዝብ ወደ ሕዝብ የሚንከራተቱ ነበሩ። ማስጠንቀቂያው የተሰጠው ለማን ነው? ለነገሥታት! «ስለ እነርሱም ነገሥታትን ገሠጸ» ይላል። ጉልበተኛው መጻተኛውን እንዳይነካ የተተከለውን አጥር ነቅለን፣ አንዲት እናት ሰባኪን እንዳትጠይቅ ተከልነው። ይህን ያደረግነው መጽሐፍ ቅዱስን አክብረን ነውን?

ዳዊት በሳኦል ላይ እጁን አላነሣም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከዋሻው ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እግዚአብሔር በእኔና በአንተ መካከል ይፍረድ ብሎታል። ዳዊት ራሱ የተቀባ ንጉሥ ሆኖ ሲበድል ናታን «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው፤ ዳዊትም ናታንን አላባረረም። ጳውሎስ በአንጾኪያ ጴጥሮስን በሁሉ ፊት ተቃወመው። ጴጥሮስ ከዚያ በኋላ በጻፈው መልእክት ጳውሎስን የተወደደ ወንድማችን ይለዋል። ሐዋርያት የቻሉትን ተግሣጽ የዛሬ ሰባኪዎቻችን የማይችሉት ከሐዋርያት በልጠው ነውን?

የቤርያ ሰዎች ጳውሎስን ራሱን መረመሩት። ነገሩ እንዲህ ይሆንን ብለው ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ገለጡ፤ ሉቃስም ዐመፀኞች አላላቸውም፤ ልበ ሰፊዎች አላቸው። ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ራሱን ከምርመራው አላወጣም፤ «እኛ ብንሆን ወይም ከሰማይ መልአክ» ብሎ ጀመረ። መልአክ የሚመረመርበት ወንጌል ተሰጥቶን ሳለ ማይክሮፎን የያዘን ሰው እንፈራለን!

ጥያቄ ሁሉ ቅን ነው አልልም። በጥያቄ ስም ቂሙን የሚወጣ አለ፤ በየጥናቱ አይተነዋል፤ ሰውን አድክሞም ያውቃል። ለእንዲህ ያለው ሰው እንኳ መድኃኒቱ ጥቅሱን ከፍቶ መመለስ ነው።

ስለ መዝሙሮቻችንና ወጣቶች በስልክ ስለሚከታተሉት ስብከት እንድናገርም ተጠይቄአለሁ። መዝሙሩ እንደ ስብከቱ ይመዘን። ምዕራፉን ሙሉ ማንበብ የለመደ ወጣት ተቆርጦ የመጣለትን ሁሉ አይውጥም። በዚህ ላይ ብዙ የምጨምረው የለኝም።

ሽማግሌዎችን የምጠይቀው ይህን ነው። እስከ ዛሬ ካስተማርነው የሚለይ ትምህርት ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ከነጥቅሶቹ በጽሑፍ ይቅረብልን፤ የጥናት ቡድኖች ምዕራፎቹን አንብበው ጥያቄያቸውን የሚያቀርቡበት ጊዜ ይሰጣቸው፤ አስተማሪውም ቆሞ ከመጽሐፍ ይመልስ። እንግዳ አገልጋይም ከዚህ ነጻ አይሁን። ከሰዓት በኋላ ስትሰበሰቡ ይህን በአጀንዳችሁ ላይ አስፍሩልኝ። «አይሆንም» የምትሉ ከሆነም ምክንያታችሁን ከነምዕራፉና ከነቁጥሩ ንገሩን፤ እኛም ከፍተን እናነበዋለን።