ሰባት ቀን፣ አንድ ጀበና

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራው ስለ ስዕል ልምምድ ነው። በተለይ ደብተርና እርሳስ ገዝቶ፣ ሦስት ቀን ስሎ፣ በአራተኛው ደብተሩን የረሳውን ሰው እያሰብኩ ነው። እንዲህ ያለ ሰው “ተሰጥኦ የለኝም” ብሎ ይተዋል። እኔ ግን አልስማማም። ብዙውን ጊዜ ያስቆመው “ዛሬ ምን ልሳል?” የሚለው ጥያቄ ነው። ስልክ ይከፈታል፣ ፎቶ ይፈለጋል፣ ለልምምድ የተያዘው 20 ደቂቃ እዚያው ያልቃል።

ስለዚህ የሚሳለውን ዕቃ እሑድ ማታ ምረጡና ሳምንቱን ሙሉ እሱን ብቻ ሳሉ። አንድ ጀበና፣ ሰባት ቀን። በሦስተኛው ቀን ይሰለቻል፤ አይካድም። ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ጭንቅላታችን ውስጥ ያለው ጀበና ነው። እሱ ሲያልቅ ነው ዓይን ፊት ለፊት ያለውን ማየት የሚጀምረው፤ አንገቱ ወደ ሆዱ የሚሰፋው በድንገት ይሁን ቀስ እያለ፣ እጀታው ከአንገቱ የት ላይ ተነስቶ ሆዱን የት ጋ እንደሚነካ።

ዕቃ ብዙ አያስፈልግም። 10 ቅጠል ኤ ፎር ወረቀት መሐል ለመሐል እጠፉና እጥፋቱ ላይ በመርፌ ሦስት ቀዳዳ በስታችሁ በክር ስፉት፤ 40 ገጽ ይወጣዋል፣ ለአንድ ወር ይበቃል። ውድ ደብተር ለጀማሪ አልመክርም፤ እጅ ይፈራዋል። እርሳስ ደግሞ ሁለት፦ ለመስመር ኤች ቢ (HB)፣ ለጥላ ፎር ቢ (4B) ተብሎ የተጻፈበት። ፎር ቢ ለስላሳ ስለሆነ በመቅረጫ ቶሎ ይሰበራል፤ በምላጭ ቅረጹት። በተቀረጸ ቁጥር ጫፉ እየተሰበረ የሚወድቅ እርሳስ ካጋጠማችሁ፣ ብዙ ጊዜ መሬት ወድቆ ውስጡ ያለው ግራፋይት፣ ማለትም የሚጽፈው ጥቁር ዘንግ፣ ተሰነጣጥቋል ማለት ነው፤ ሌላ ያዙ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ብዙ ሰው የሚመርጠው ሱቁ የሚዘጋበትን የቀትር እረፍት ነው። እኔ ጠዋትን እመርጣለሁ፣ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው። አንደኛ ሙቀቱ። ያላበ መዳፍ ወረቀቱን ያጨማድደዋል፣ የተሳለውንም ያደበዝዘዋል። በማንኛውም ሰዓት ቢሆን ከመዳፋችሁ ሥር ንጹሕ ወረቀት አድርጉ። ሁለተኛ ደግሞ ብርሃኑ። በቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትሆን ጥላው ዕቃው ሥር ይደበቃል፤ ጠዋት ግን ከጎን ገብታ ቅርጹን ቁልጭ አድርጋ ታሳያለች። ልምምዱን ከቁርስ ቡና ጋር ካያያዛችሁት ደግሞ ጀበናው እዚያው ማቶቱ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል።

በ20 ደቂቃው ውስጥ የመጀመሪያውን ሦስት ደቂቃ እጅ ለማፍታታት ተጠቀሙበት፤ ረጃጅም መስመርና ክብ፣ ከትከሻ እየተነሳችሁ። እርሳሱን እንደ ጽሕፈት አጥብቆ ይዞ ከአንጓ ብቻ የሚስል ሰው መስመሩ ቁርጥርጥና ፀጉራም ይሆናል።

ቀጥሎ መለካት ነው። ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርጉ፣ አንድ ዓይን ጨፍኑ፣ የጀበናውን ሆድ ስፋት በእርሳሱ ጫፍና በአውራ ጣታችሁ መሐል ያዙ። ከዚያ ይህ ስፋት በጠቅላላ ቁመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ቁጠሩ። ክርናችሁ ከታጠፈ እርሳሱ ወደ ዓይናችሁ ስለሚቀርብ ልኩ ይዛባል። የጀማሪ ጀበና አንገቱ የሚወፍረው ወይም የሚያጥረው ይህ ልኬት ስለተዘለለ ነው። ልኩን በስሱ ምልክት አድርጉና ከዚያ ሳሉ። የተሳሳተ መስመር ሲወጣ ላጲስ አታንሱ። ትክክለኛውን ከጎኑ አስምሩ፤ ስህተቱን ካጠፋችሁት ከምን ወዴት እንደምታርሙ አይታያችሁም።

ሁለተኛው ሳምንት ለሲኒ ይሁን። ሲኒ ትንሽ ዕቃ ትመስላለች፣ ግን ከእሷ የሚገኘው ትምህርት ለበርሜልም፣ ለባጃጅ ጎማም ይሆናል። የሲኒዋ አፍ ከላይ በቀጥታ ሲታይ ክብ ነው፤ በዓይናችሁ ትክክል ከፍ ብታደርጓት ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። በመሐል ያለው ሁሉ ሞላላ ነው። ሁለት ስህተት ሁሌም ይመጣል። አንደኛው የሞላላውን ሁለት ጫፍ እንደ ዓይን ማሾል ነው፤ ሞላላ ጫፉ ላይም ይታጠፋል እንጂ አይሾልም። ሁለተኛው የታችኛውን ጠርዝ ቀጥ አድርጎ ማስመር ነው። ጠረጴዛው ዝርግ መሆኑን ስለምናውቅ እጃችን ያሰምረዋል። ነገር ግን የሲኒዋ ሥር ከዓይናችን ይበልጥ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ቅስቱ ከአፏ የባሰ የጎበጠ መሆን አለበት። ሲኒዋ የምታሳልፍ ብርጭቆ ብትሆን ብላችሁ የሥሯን ሞላላ ሙሉውን በስሱ ሳሉት፤ ችግሩ ወዲያው ይታረማል።

ጥላን በጀበና አትጀምሩ። ጥቁር ሸክላ ብርሃኑንም ጥላውንም ስለሚውጠው ለጀማሪ ያደናግራል። ነጭ ሲኒ ወይም እንቁላል መስኮት አጠገብ አስቀምጡ። መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ የወደቀውን ጥላ ዙሪያውን ብቻ አስምሩ፤ ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትጓዝ እናንተ እስክትጨርሱ ጥላው ይነቃነቃል። እንቁላሉን ስታጠቁሩ ደግሞ ከታች ባለው ጠርዝ ላይ ከጠረጴዛው የሚንጸባረቀውን ደብዛዛ ብርሃን ተዉለት፤ እሱ ከጠፋ እንቁላሉ ዝርግ ይሆናል።

ስለሚያመልጡ ቀናት ደግሞ። ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ የሠሩት በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ስለ ስዕል አይደለም፤ 96 ሰዎች አንድን የምግብ፣ የመጠጥ ወይም የእንቅስቃሴ ልማድ ሲጀምሩ ነው የተከታተሉት። ነገሩ ያለ ማሰብ የሚሠራ ልማድ እስኪሆን መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ሆኖ ተገኘ፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን ማምለጡም ሂደቱን ይህን ያህል አልጎዳውም። ስለዚህ ያመለጠውን ለማካካስ በማግስቱ ሁለት ሰዓት አትቀመጡ፤ ያ ድካም ነው ሦስተኛውን ቀን የሚያሰርዘው። ጊዜ ሲጠፋ 5 ደቂቃ ይበቃል፣ እጀታውን ብቻ ሳሉ። ገጹ ጥግ ላይ ቀኑን ጻፉ፤ ያላማረውን ገጽም አትቅደዱ፣ ከወር በኋላ ለማነጻጸር የሚጠቅማችሁ እሱ ነው።

ሁለተኛው ወር ላይ ውጡ። ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ ሰፈር ከዛፎቹ ጥላ ሥር መቀመጥ ደስ ይላል፣ ቅጠልና ቅርንጫፍ ግን ለጅምር እጅ ከባድ ነው። እኔ የቀፊራን ገበያ እመርጣለሁ፣ ስለ ቅስቶቹ። ገበያውን በሙሉ ለመሳል አትሞክሩ፣ አንድ ቅስት ይበቃል። ሰው መሳል ካማራችሁ ግን አስፈቅዱ። ቅስቱን ከጎን ስታዩት መጀመሪያ የሚይዘውን አራት ማዕዘን ሳሉ፤ ቅርብ ያለው ጎኑ ረጅም፣ ራቅ ያለው አጭር ይሁን። ከማዕዘን ማዕዘን ሁለት ሰያፍ መስመር ስታሰምሩ የሚገናኙበት ነጥብ መሐሉ ነው። ከዚያ ነጥብ ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ የቅስቱ አናት እዚያ ላይ ያርፋል። ወደ እናንተ ያለው ግማሽ ከወዲያኛው ሰፍቶ ከወጣ ልኩ ትክክል ነው።