ሞተሩ ይነሳ

እንዴት አደራችሁ! አባቶች እናቶች፣ ወንድም እህቶቼ፣ ከአሰላም ከኢተያም ከሳጉሬም የመጣችሁ ሁሉ እንኳን ለትራክተር ወዳጆች ዓመታዊ ስብሰባችን በሰላም አደረሳችሁ። ብዙ አላስቀምጣችሁም፣ ዓይናችሁ ሁሉ ውጪ ሜዳው ላይ ነው፣ የኔም እዛው ነው።

ዛሬ በጠዋት ስመጣ አንድ አባታችን ቀድመውኝ ከማሴ ፈርጉሰን 135 ትራክተራችን ጎን ተንበርክከው አገኘኋቸው። የናፍጣ ፊልትሮውን ቡሎን ትንሽ ላላ አድርገው በአውራ ጣታቸው የእጅ ፖምፓዋን ጫን ለቀቅ ጫን ለቀቅ ያደርጋሉ፣ መጀመሪያ አረፋ ብቻ ነበር የሚወጣው፣ እሳቸው ግን አልቸኮሉም፣ አረፋው አልቆ ጥርት ያለ ናፍጣ ሲወርድ ቡሎኗን አጠበቁና "አየሯ ወጣ፣ አሁን ትነሳለች" አሉኝ። ተነሳች! የሶስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር ድምፅ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ እኔ ልጅ ሆኜ ትራክተር መምጣቱን የማውቀው ገና ሳላየው በዛ ድምፅ ነበር።

ወጣቶቹ ደግሞ ስትወጡ ኋላዋን እዩልኝ። መጎተቻ ብቻ አይደለም ያላት፣ ማረሻው በሶስት ክንድ ተይዞ በሃይድሮሊክ ይነሳል ይወርዳል። ሃሪ ፈርጉሰን የሚባለው የሰሜን አየርላንድ ሰው ነው ይህን አሰራር ያመጣው፣ ከዛ በፊት ማረሻው ከኋላ ዝም ብሎ ይጎተት ስለነበር ድንጋይ ሲይዘው ትራክተሩ ፊቱን አንስቶ ወደ ኋላ ይገለበጥና ሹፌሩን ይገድል ነበር። ዛሬ ያሉት አብዛኞቹ ትራክተሮችም በዚሁ አሰራር ነው የሚያርሱት።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ይከብደኛል። ካዱ፣ ማለትም የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በስዊድን እርዳታ በእ.ኤ.አ. 1967 ጭላሎ ሲጀመር የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነው፣ ምርጥ ዘር መጣ፣ ማዳበሪያ መጣ፣ ብድር መጣ፣ ስንዴው አዋጣ፣ ሲያዋጣ ጊዜ ግን ባለመሬቱ መሬቱን ራሱ በትራክተር ማረስ ፈለገና ጭሰኛውን አስነሳው። እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ አያቶቹ እንደዛ ከቀያቸው የተነሱ አሉ። የመሬት አዋጁ የመጣው የካቲት 25 ቀን 1967 በኛ አቆጣጠር ነው (ቁጥሩ አንድ ይሁን እንጂ መሀላቸው ሰባት ዓመት ተኩል ገደማ አለ፣ ልጆች እንዳይምታታባችሁ)። ስለዚህ ትራክተሮቹን ቀለም ቀብተን ስናቆም ይሄም ታሪክ አብሮ ይነገር፣ ትራክተር ወዳጅ ስለሆንን መደበቅ የለብንም። የተነሱት የነዛ ጭሰኞች ልጆች እኮ ናቸው በኋላ ኦፕሬተርና መካኒክ የሆኑት።

አሁን የሚያሳስበኝ ብረቱ ነው። አምና ከከተማችን ብዙ ሳይርቅ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ የነበረ፣ ናዝሬት የተገጣጠመ ቤላሩስ ትራክተር በኪሎ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ፣ እኛ ስንሰማ ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ተነቅሎ ቸርኬዎቹ ተጭነው ሄደዋል፣ የተረፈው ኮፈኑ ብቻ ነው፣ እሱን አምጥተን በር ላይ አቁመነዋል፣ ስትገቡ አይታችሁታል። እኔ ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባለቤቱን አልወቅስም፣ ገንዘብ ቸገረው ሸጠ፣ ጥፋቱ ቀድመን ያልጠየቅነው የኛ ነው። እባካችሁ ግቢ ውስጥ ሳር የበቀለበት ትራክተር የምታውቁ ካላችሁ ዛሬውኑ ለፀሐፊያችን አስመዝግቡ፣ መግዛት ባንችል እንኳን ሄደን ፎቶ እናነሳዋለን፣ የሻንሲ ቁጥሩን እንይዛለን፣ የነዳውን ሰው በህይወት ካለ ድምፁን እንቀዳለን። ሰውየው ከብረቱ ቀድሞ ነው የሚያልፈው።

በሉ እንውጣ። መጀመሪያ 135ቷ ትነሳለች፣ ቀጥሎ ሌላኛው፣ ያልተሸጠው ቤላሩስ፣ እርሻው ከምሳ በኋላ ነው። ልጆች ከገመዱ ወዲህ ሁኑ፣ በተለይ ከኋላ ጎማው አጠገብ ማንም እንዳይቆም። አባታችን፣ መሪውን እርስዎ ይያዙልን።