«ውሃ አጠጡኝ» ብሎ በር ያንኳኳው ሰውና ሌሎች የአድማጮች ጥያቄዎች

ቤት ለቤት እየዞሩ አረጋውያንን ስለሚያጭበረብሩ ሰዎች ባወራንበት ሰዓት ስልኩ እረፍት አላገኘም። መስመር ያልደረሳችሁ ብዙ ናችሁ። ስለዚህ የተመለሱትንም ያልተመለሱትንም ጥያቄዎች በጽሑፍ አሰባስቤያቸዋለሁ። ለማታውቁኝ፣ በወንጀል መከላከል ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ፖሊስ ነኝ። አሁን ሥራዬ እናቶችንና አባቶችን መጨቅጨቅ ነው። «በር ተዘግቶ ይወራ» የሚለውን ደጋግሜ እላለሁ፣ ቻሉኝ።

ከሳሪስ፣ አንዲት እናት፦ «ሁለት ልጆች የመብራት ቆጣሪ ልናነብ ነው ብለው ገቡ። አንደኛው የውሃውንም ላየው ብሎ ጓሮ ወሰደኝ። ሌላው ሳሎን ቀረ። ከሄዱ በኋላ ሀብሌን አጣሁት። ታዲያ ማንን ላስገባ፣ ማንን ልመልስ?»

እናቴ፣ አይዞዎት። ይህ የታወቀ ዘዴ ነው። አንዱ ያወራል፣ ሌላው ይሠራል። የሚያወራው ሁልጊዜ ጨዋ ነው፣ «እማማ» እያለ፣ እጅ እየነሣ። እርስዎ እሱን ሲያዩ ሁለተኛው መኝታ ቤት ነው። ስለዚህ በር ላይ ሁለት ሰው ከቆመ ዓይንዎ ዝም ባለው ላይ ይሁን።

ቆጣሪ የሚያነብ ሰው መኝታ ቤት ጉዳይ የለውም። ሳሎንም የለውም። ቆጣሪዎ ግቢ ውስጥ ከሆነ መታወቂያውን በበሩ ክፍተት ያሳይዎት፣ ስሙን ያንብቡ። ማንበብ ካስቸገረዎት ጎረቤት ይጥሩ። ከዚያ የቤቱን በር ቆልፈው፣ ቁልፉን ይዘው፣ አብረውት ይቁሙ። ከተጠራጠሩ 905 የመብራት አገልግሎት ነው፣ ይደውሉና ይጠይቁ። ደግሞ ሂሳብ በእጅ አይከፈልም! «ዛሬ ካልከፈሉ እቆርጣለሁ» ያለዎትን ሰው «ቁረጠው» ይበሉት። ሻማ ከሀብል ይረክሳል።

የእውነት ቤት ለቤት የሚሄዱ ሠራተኞች አሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይመጣሉ፣ ከወረዳም ይመጣሉ። እነሱን አላማም። ግን የእውነተኛ ሠራተኛ ምልክት አንድ ነው። «ነገ ልጄ ሲኖር ና» ሲባል አይቆጣም። ሌባ ግን ነገ የሚባል ቀን የለውም።

ለጠፋው ሀብል ዛሬም ቢሆን ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ያመልክቱ። «ምን ያደርጉልኛል» አይበሉ።

ከሽሮ ሜዳ፣ አንድ አባት፦ «ሰው ውሃ ጠማኝ ብሎ በሬ ላይ ሲቆም ልመልሰው ነው? እኛ እንዲህ ተደርገን አላደግንም።»

አባባ፣ ይህችን ጥያቄ ስጠብቃት ነበር። ቁጭ ብለን እናውራ።

መጀመሪያ፣ ውሃ አይከለከልም። እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት። የእግዜር እንግዳን ማባረር ነውር ነው፣ እስማማለሁ። ሌባውም ይህንን ያውቃል። ከእርስዎ ከራስዎ በላይ ያውቃል። «ብር ስጡኝ» ቢል ሊመልሱት እንደሚችሉ፣ «ውሃ» ሲል ግን እንደማይችሉ ያውቃል። ስለዚህ የሚመጣው በውሃ ነው። ሌላው በሽንት ቤት ነው፣ በተለይ ነፍሰ ጡር የምትመስል ሴት ይዘው ሲመጡ። ሌላው «የእገሌን ቤት አሳዩኝ» ነው። ሌላው «ልጄ ኳሱ ግቢያችሁ ገባ» ነው። ሁሉም ደግነትዎን ነው የሚፈልጉት።

አሁን ምን እንደሚሆን ልንገርዎ። በር ይንኳኳል። እርስዎ ወንበርዎ ላይ እንዳሉ «ግባ!» ይላሉ። ይህችን «ግባ!» ከአፋችን ብናወጣት ግማሹ ስርቆት በቀረ ነበር። ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ግባ ይባላል? ሰውየው ይገባል። ውሃ ይጠይቃል። እርስዎ ጉልበትዎን ይዘው፣ ቀስ ብለው ወደ ማድ ቤት ይሄዳሉ። ብርጭቆ ይፈልጋሉ። ብርጭቆው አቧራ ነክቶት ይሆናል፣ ለእንግዳ አይሆንም ብለው ያለቀልቁታል። ለእሱ ይህ ሁሉ ሰፊ ጊዜ ነው። ስልክዎ ጠረጴዛው ላይ ነው። ቦርሳው ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ተመልሰው ሲመጡ ሰውየው ቆሞ ይጠብቅዎታል፣ ውሃውን ጠጥቶ መርቆዎት ይሄዳል። መመረቅዎን ለጎረቤት ያወራሉ! መሰረቅዎን የሚያውቁት ማታ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ውሃውን ይስጡት። ግን በር ተዘግቶ። «ማነው?» ይበሉ፣ ከውስጥ። መልሱን ይስሙ። «ቆይ፣ አመጣልሃለሁ» ይበሉ። በሩን አይክፈቱ፣ መሸጎሪያውንም አይንኩ። በሃይላንድ ቀድተው በበሩ ክፍተት ወይም በአጥሩ በላይ ያቀብሉት። ሃይላንዱንም ይዞ ይሂድ፣ አይመልስ። ጥሙ ከምር ከሆነ አመስግኖ ይጠጣል። «አይ፣ ገብቼ ልቀመጥ፣ ደከመኝ» ካለ ጥሙ የውሃ አይደለም።

የሽንት ቤቱስ? ጎረቤት አብሮ ከሌለ አይሆንም። «ይቅርታ፣ ሰው የለም፣ ማስገባት አልችልም»። አይ፣ ይቅርታ! «ሰው የለም» አይበሉ! «ልጄ ተኝቷል፣ ልጠይቀው» ይበሉ። ልጁ ካናዳም ቢሆን ተኝቷል ይበሉት።

ደግሞ አባባ፣ በር ላይ ያለ ሰው ቢቀየም ምን ይሆናል? ምንም። እግዜር በአጥር በላይ የተሰጠ ውሃ አይቆጥርም ያለዎት ማነው?

ከገርጂ፦ «ውሻ ይረዳል ወይ?»

ይረዳል። ክትባቱን ያስከትቡት።

ከመርካቶ አካባቢ፣ አንዲት እናት፦ «አፍዝ አደንግዝ አስነክተውኝ ነው እንጂ እኔ በገዛ እጄ ወርቄን አውጥቼ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። መከላከያው ምንድነው?»

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ፦ አንዱ መንገድ ላይ ወርቅ መሳይ ነገር «አገኘ»። ሌላዋ «የኔ ነው የጠፋው» እያለች ስታለቅስ አለፈች። ሦስተኛው መጥቶ «እማማ፣ እርስዎ ይያዙት፣ ለሦስት እንካፈላለን፣ ለመተማመኛ ግን የራስዎን ወርቅ ይስጡን» አለ። ቤታቸው ድረስ አብረዋቸው ሄዱ። እናታችን ወርቃቸውን ሰጡ። የተቀበሉት ነሐስ ነው።

እናቴ፣ በሥራ ዘመኔ «አደነገዙኝ» የሚል ብዙ ሰው አነጋግሬያለሁ። ቁጭ ብለን ነገሩን ከመጀመሪያው ስንቆጥረው ግን ከዱቄቱና ከድግምቱ በፊት አንድ ነገር አገኛለሁ። ወሬ። ሦስት ሰው ከሦስት አቅጣጫ ሳያቋርጥ ሲያወራ፣ ሲያቻኩል፣ አንዱ ሲያለቅስ፣ ሌላው «ቶሎ፣ ሰው ሳያየን» ሲል የማንም ጭንቅላት ይዞራል። ጎበዝ የባንክ ሠራተኛም ተሠርቷል። «ቁጭ በሉ» የሚባለው ማጭበርበር የሚሠራው እንዲህ ነው።

«አፍዝ አደንግዝ ነው» ማለቱን የማልወደው ለአንድ ምክንያት ነው። ለድግምት መከላከያ የለውማ! ሰው «ምን ላድርግ፣ ተደረገብኝ» ይልና ዝም ይላል፣ ፖሊስም አይነግር። እነዚያም በማግሥቱ ሌላ ሰፈር ይሄዳሉ። ለወሬ ግን መከላከያ አለው። ካቻኮሉዎት ይቁሙ። «ልጄን ልደውልና» ይበሉ። ሲበተኑ ያያሉ። ይህ ሥራ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ማታለል የሚባል ወንጀል ነው። ያፈረበት የተታለለው ሰው መሆኑ ሁሌም ይገርመኛል።

አንድ ነገር ለየት ይላል። የማያውቁት ሰው የሚበላ ወይም የሚጠጣ ሰጥቶዎት ከዚያ በኋላ ካዞረዎት፣ እንቅልፍ ከጣለዎት፣ ያ የእኔ ጉዳይ አይደለም። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ «እናቴ አዲስ አበባ ብቻዋን ናት። አንድ ሰው በር ድረስ መጥቶ "ልጅሽ ዕቃ ልካልሻለች፣ የጉምሩክ ብር ክፈይ" አላት። ስሜን፣ ያለሁበትን ከተማ፣ የልጄን ስም ሁሉ ያውቃል። ከየት አመጣው?»

ከአንቺ፣ ልጄ። ከፌስቡክሽ፣ ከቲክቶክሽ። «እናቴ ናፈቅሽኝ» ብለሽ ከቤቱ በር ጋር የለጠፍሽው ፎቶ በቂው ነው። የቀረውን ሰፈር ያለው ሱቅ ነግሮታል። ወይም እናትሽ ራሳቸው፣ ቡና ላይ።

ሁለት ነገር አድርጊ። ከእናትሽ ጋር ሌላ ሰው የማያውቀው አንድ ቃል ያዙ። የድሮ በጋችሁ ስም ይሁን፣ ምንም ይሁን። ከአንቺ መጣሁ የሚል ሰው ቃሉን ካላወቀ በር ተዘግቶ ይመለስ። ሁለተኛ፣ ዕቃ ስትልኪ የሚያደርሰውን ሰው ስም ቀድመሽ በስልክ ንገሪያቸው። ያልተነገረ ዕቃ ዕቃ አይደለም። ቀረጥም በር ላይ ለቆመ ሰው በጥሬ ብር አይከፈልም።

ከከፈሉ ደግሞ አትቆጫቸው። ከተቆጣሻቸው በሚቀጥለው አይነግሩሽም። ያኔ ሌባው ብቻውን ሊያገኛቸው ነው።

ከአቃቂ፣ ጡረተኛ፦ «የጡረታ ጭማሪ ሊሞላልኝ የመጣ ልጅ ስልኬን ተቀብሎ ነካካው። ፒን ቁጥሬን ነግሬዋለሁ። ምን ላድርግ?»

ይህን ማንበብ ያቁሙና ይደውሉ። ንግድ ባንክ ከሆነ 951፣ ቴሌብር ከሆነ 127። ከዚያ በአካል ቅርንጫፉ ይሂዱ፣ ፒኑን ያስቀይሩ።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ፦ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር አጭበርባሪው እሱን ይዞ ነው የሚመጣው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ብር ሲቀየር «እኛ እንቀይርልዎት ለሚል ሰው አትስጡ» እያልኩ ነበር። ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ ሲመጣም ያንኑ አልኩ። የፋይዳ ምዝገባ ነጻ ነው፣ ብር የጠየቃችሁ ሰው መዝጋቢ አይደለም። ስልካችሁ ላይ የሚመጣው የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይነበብም፣ ለእኔም። ስልክ መንካት የማትችሉ አላችሁ፣ አውቃለሁ። የጎረቤት ልጅ ይላክልን ትላላችሁ። ካርድ ይሙላላችሁ፣ ይደውልላችሁ። ፒን ግን የጎረቤት ልጅ አይያዝም፣ ጨዋ ቢሆንም። ጨዋው ልጅ ጓደኛ አለው።

ከካዛንቺስ አካባቢ፦ «በልማት ልንነሣ ነው እየተባለ ነው። አንድ ሰው "ካሳውን ላስፈጽምልዎ፣ እዚህ ላይ ይፈርሙ" ብሎ ወረቀት ይዞ ይመላለሳል። ዓይኔ በደንብ አያነብም።»

አይፈርሙ። ጣትዎንም አያትሙ። ውክልና የሚሰጠው ሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ ተሂዶ ነው እንጂ ሶፋ ላይ ተቀምጦ አይደለም። የካርታውን ኮፒ አይስጡት፣ ዋናውንማ በፍጹም። ስለ ካሳው ወረዳዎ በአካል ሄደው ይጠይቁ፣ የሚያምኑትን ሰው ይዘው። ከዚያ በላይ ያለው የሕግ ጉዳይ ነው፣ ጠበቃ ያማክሩ። ከዚህ ቀደም የሆነ ወረቀት ፈርመው ከሆነ ደግሞ ነገ ሳይሆን ዛሬ ያማክሩ።

ከኮተቤ፦ «ጃንጥላ ይዘው ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚሰበስቡትን እንዴት እንለያቸው?»

አይልዩአቸው። ሳንቲምዎን አጥቢያዎ ሄደው ይስጡ። ያው ይደርሳል።

ከጀሞ፦ «ሠራተኛ በደላላ አስገባሁ። ተያዥ አላት። በቂ ነው?»

ተያዡን በአካል አይተውታል? ቤቱን ያውቁታል? መታወቂያው ላይ ያለው ፊት የእሱ ነው? ካልሆነ ተያዥ የለም፣ ወረቀት ነው ያለው። የአብዛኛዎቹ ልጆች ችግራቸው የደሞዝ መዘግየት እንጂ ሌብነት አይደለም፣ ይህንንም ልብ ይበሉ።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን፦ «አባቴ ለመጣ ሁሉ ብር ይሰጣል። ትናንት የሰጠውን ዛሬ አያስታውስም። ለአንዱ ሦስት ጊዜ ሰጥቶታል።»

ልጄ፣ ይህ የበር ጉዳይ ላይሆን ይችላል። መርሳቱ አዲስ ከሆነ፣ ወይም እየባሰ ከሄደ፣ ሐኪም ይያቸው። እስከዚያው በርከት ያለ ጥሬ ብር እቤት አይደር። ለዕለት የሚሆን ትንሽ ብር ኪሳቸው ይኑር፣ ባዶ እጅ ማድረግም ክብራቸውን ይነካል። ባለሱቁንና ሁለት ጎረቤት ንገር። «አባዬን የሚያነጋግር እንግዳ ሰው ካያችሁ ጠጋ በሉ» በላቸው። ጠጋ ማለት ብቻ ይበቃል፣ አጭበርባሪ ተመልካች አይወድም።

ከልደታ፦ «ለቀብር ስንወጣ ቤቱ ባዶ ይቀራል።»

ሌባም ጥሩንባ ይሰማል። እድራችሁ ለቀብር ሲወጣ ሁለት ሰው ሰፈር የሚጠብቅ ይመድብ። የሐዘንተኛው ቤት ደግሞ ለቅሶ ደራሽ ነኝ ብሎ የሚገባ ስለሚበዛ ቦርሳና ስልክ የሚሰበሰብበት ክፍል ይቆለፍ።

ከአዲሱ ገበያ፣ አንዲት እናት፦ «ሌባው ቁልፌን ይዞ ሄደ። ቤቱን ግን አልነካም። ምን ላድርግ?»

ስላልመጣ ነው እንጂ ስለማይመጣ አይደለም። 991 ይደውሉ፣ ከዚያ ዛሬውኑ ቁልፍ ሠሪ ያስጠሩ። ቁልፉ ተገጣጥሞ እስኪያልቅ ልጅዎ ወይም ጎረቤት አብሮዎት ይቁም። ሁሉም መለዋወጫ ቁልፍ በእጅዎ ይግባ፣ አንዱም በር ላይ ካለው የአበባ ማሰሮ ሥር አይቀመጥ።