መጀመሪያ ፌስቲቫሉ፣ ከዚያ ዓሣው

እሷ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። የዛሬው ወሬያችን ሞተርሆም ይዞ ስለመውጣት ነው፤ አልጋው፣ ምድጃውና ፍሪጁ አብሮ የሚጓዝ መኪና። ቅዳሜና እሁድ የምግብ ፌስቲቫል፣ በሌላው ቀን ዓሣ ማጥመድ።

እሱ፦ ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ደስ ይላሉ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ግን አንዱ ሌላውን ያበላሻል። እኔ አጥብቄ የምለው፣ ፌስቲቫሉ ይቅደም፣ ዓሣው ይከተል።

እሷ፦ ብዙ ሰው ግን ገልብጦ ነው የሚያቅደው። ሰኞ ወጥቶ እስከ ሐሙስ ያጠምድና ጉዞውን በፌስቲቫሉ ይዘጋል።

እሱ፦ ሐሙስ የተያዘው ዓሣ ታዲያ መቼ ይበላል? ሰውየው ቅዳሜና እሁድን ሙሉ ከድንኳን ድንኳን እየዞረ ሲቀምስ ዓሣው ፍሪጅ ውስጥ ቀኑን ይቆጥራል። ፌስቲቫሉ ከቀደመ ግን ፍሪጁ ባዶውን ወንዝ ዳር ይደርሳል፤ የተያዘው የዚያኑ ማታ መጥበሻ ላይ ይወጣል።

እሷ፦ የማጥመጃ ወቅቱ ካልፈቀደስ? በአየርላንድ የጎልዌይ ከተማ የኦይስተር (ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ) ፌስቲቫል የሚውለው ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ነው። ሳልሞን የሚባለው ዓሣ የሚጠመድባቸው አብዛኞቹ ወንዞች ደግሞ ሴፕቴምበር 30 ይዘጋሉ።

እሱ፦ እዚያ ላይ የእኔ ሕግ አይሠራም፤ ወይ ወንዙን ማስቀደም፣ ወይ ከፌስቲቫሉ በኋላ ወደ ባሕር መዞር ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ሆኪቲካ ላይ ማርች ውስጥ ለሚደረገው የምግብ ፌስቲቫል ግን ይሠራል፤ ትራውት የሚባለው ዓሣ የሚጠመድባቸው ብዙዎቹ ወንዞች እስከ አፕሪል መጨረሻ ክፍት ናቸው። ስለዚህ ወንዙ የሚዘጋበትን ቀንና ፈቃዱን አስቀድሞ አይቶ ነው የፌስቲቫል ቲኬት የሚቆረጠው።

እሷ፦ ወደ ክብደቱ እንምጣ፤ ሰው የሚያቃልለው እሱን ነው። በአውሮፓ ብዙ ሞተርሆሞች የተመዘገቡት በ3,500 ኪሎ ነው፤ ተሳፋሪው፣ ጋዙና ውሃው ሁሉ እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው።

እሱ፦ የማጥመጃ ዕቃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኋላ ባለው መጋዘን ይታጨቃል። መንጠቆ ማስመጫው እርሳስ፣ ቦቲው፣ የበረዶ ሳጥኑ፣ አንዳንዴም ብስክሌት ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ ከኋላ እግር አልፎ ስለሚንጠለጠል የኋላውን ይጫናል፣ የፊቱን ያነሳል፤ መሪው ይቀላል። መኪናው ሙሉ ተጭኖ፣ ሰው ሁሉ ተሳፍሮ፣ የፊቱና የኋላው እግር ለየብቻ ይመዘን። እርሳሱንና ከባድ ከባዱን መሃል ላይ፣ ወለሉ አጠገብ ማድረግ ነው። ውሃም ለመንገድ የሚበቃ ብቻ ይያዝ፤ የቀረው ቦታው አጠገብ ይሞላል።

እሷ፦ የፌስቲቫል ማቆሚያ አብዛኛውን ጊዜ ሜዳ ነው። ዝናብ ከጣለስ?

እሱ፦ በፊት እግሩ የሚነዳ ሞተርሆም እርጥብ ሣር ላይ ቶሎ ይንሸራተታል፤ ክብደቱ ያለው ከኋላ ነዋ። ስለዚህ አፍንጫው ወደ መውጫውና ወደ ቁልቁለቱ ዞሮ ይቁም። መኪናው ሳይሰምጥ ጣውላ ከፊት ጎማዎች ሥር ይግባ፤ ከሰመጠ በኋላ ጋዝ በረገጡ ቁጥር ጉድጓዱን መቆፈር ነው።

እሷ፦ ተዳፋቱ ፍሪጁንም ይነካዋል።

እሱ፦ በጋዝም የሚሠራውን ዓይነት በጣም ይነካዋል። ውስጡ የአሞኒያ ፈሳሽ አለ፤ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። መኪናው ካዘነበለ ፈሳሹ የሆነ ቦታ ተኝቶ ይቀራል፤ እሳቱ እየነደደ ፍሪጁ አይቀዘቅዝም። ታኮ ከጎማው ሥር አድርጎ ወለሉን ማስተካከል ነው መድኃኒቱ። ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ከጉዞው አንድ ቀን በፊት ይለኮስ።

እሷ፦ በኮምፕረሰር የሚሠራውን መዝመም ያን ያህል አያስቸግረውም፤ ችግሩ ባትሪ ነው። በቀን ከ30 እስከ 40 አምፔር-ሰዓት ቢወስድ፣ ከ100 አምፔር-ሰዓት የሊድ ባትሪ ሳይጎዳ የሚወጣው ግማሹ ነው። መብራቱና ፓምፑ ሲጨመር አንድ ቀን ቢያዘልቅ ነው። ሦስት ቀን ያለ ኤሌክትሪክ መስመር ለሚቆም ሰው ሶላር ያስፈልገዋል።

እሱ፦ ስለ መጠጡም አንድ ነገር ልበል። ፌስቲቫል ላይ ቅምሻው በትንሽ በትንሹ ነው፤ ድምሩ ግን ትንሽ አይደለም። ሰውነት 10 ግራም አልኮል ለማስወጣት በግምት አንድ ሰዓት ይፈልጋል። እንቅልፍ አያፈጥነውም። ቅዳሜ ማታ የጠጣ ሰው እሁድ ጠዋት መሪ አይያዝ።

እሷ፦ አሁን ወንዝ ዳር ደርሰናል። ዓሣው ተያዘ፤ ከዚያስ?

እሱ፦ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ። ዓሣው እየተንፈራገጠ ይሙት ማለት ጭካኔም ነው፣ ሥጋውንም ያበላሻል። ከዓይኑ ከፍ ብሎ ጭንቅላቱን በአጭር ዱላ አንዴ ጠንከር አድርጎ መምታት። ወዲያው በጉንጩ ክዳን ሥር ያለውን ቀይ መተንፈሻ በቢላ መቁረጥና ውሃ ባለው ባልዲ ውስጥ በጭንቅላቱ መዝፈቅ። ውሃው ይቀላል፤ ደሙ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል።

እሷ፦ ከዚያ ሆድ ዕቃው ይወጣል። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ከአከርካሪው ሥር ተጋድሞ የሚቀረውን ጥቁር ደም ነው። ስስ ሽፋኑን በቢላ ጫፍ ሰንጥቆ በሻይ ማንኪያ መፋቅ ነው፤ መጀመሪያ የሚሸተው እሱ ነው።

እሱ፦ በረዶው በሙቀት ጊዜ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ ይሁን፤ ሆዱም ውስጥ ይግባ። የቀለጠው ውሃ በሳጥኑ ቀዳዳ ይፍሰስ፤ ዓሣው ውሃ ላይ ከተኛ ሥጋው ይላሽቃል። ቱናና ማኬሬል የያዘ ደግሞ ደቂቃም አይዘግይ። እነዚህ ሞቀው ከቆዩ ሂስታሚን የሚባል በላተኛውን የሚያሳምም ነገር ይፈጠርባቸዋል፤ ያንን መጥበስም ማቀዝቀዝም አያጠፋውም።

እሷ፦ ዓሣው ሞተርሆሙ ሲንክ ላይ አይታጠብ ብለን እንጨምር። ቅርፊቱና ደሙ እጣቢው ታንክ ውስጥ ይቀመጣል፤ በማግሥቱ ፀሐይ ሲያገኘው ሽታው በሲንኩ ቀዳዳ ተመልሶ ይመጣል። ውጭ፣ በባልዲ። ሆድ ዕቃው በሁለት ፌስታል ታስሮ ቆሻሻ መጣያ ይግባ።

እሱ፦ ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ለሚሻገር ሰው ቦቲውና መረቡም ጉዳይ ነው። ጭቃው ተራግፎ በ45 ዲግሪ ሙቅ ውሃ 15 ደቂቃ ይዘፍዘፍና በደንብ ይድረቅ፤ እርጥበቱ ውስጥ የማይታይ ነፍሳትና አልጌ ይጓዛል። ኒውዚላንድ ሶሉ ፌልት (እንደ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ያለ) የሆነ ቦቲን ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከልክላለች፤ ፌልት ውሃ ስለሚይዝ ቶሎ አይደርቅም።

እሷ፦ ጥሬውን ለመብላት የሚያስብም አለ።

እሱ፦ ሞተርሆም ውስጥ አይሆንም። በዓሣ ውስጥ ያለውን ትል ለመግደል ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለሰባት ቀን ማቆየት ይመከራል፤ የትንሽ ፍሪጅ በረዶ ቤት ያንን ቅዝቃዜ ይዞ መቆየት ይቸግረዋል። መሃሉ 63 ዲግሪ እስኪደርስ ይብሰል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው በጣም ወፍራሙ ቦታ ላይ ሹካ ያስገባ፤ ሥጋው መስታወት መሳይነቱን ትቶ ከደፈነና ከአጥንቱ በቅጠል በቅጠሉ ከተላቀቀ ደርሷል።