ክፍል 23፦ ሁለቱ ክር የት ሄደ?

ቤቲ፦ ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! የዛሬ ርእሳችን ጆን ዲከን ነው፤ የእንግሊዙ ሮክ ባንድ፣ የኩዊን ቤዝ ጊታሪስት። ናቲ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲጨቀጭቀኝ ነበር።

ናቲ፦ አራት።

ቤቲ፦ እሺ አራት። ጀምር በቃ።

ናቲ፦ ከዚያ በፊት ግን አንዲት ነገር...

ቤቲ፦ ይኸው! ገና ደቂቃ አልሞላንም።

ናቲ፦ አጭር ናት። አስራ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ የመጀመሪያ ቤዜን ገዛሁ። ያገለገለ ነው። ተሸክሜ ቤት ስገባ እማዬ ቡና እየቆላች ነበር። ቀና ብላ አየችውና መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። «ሁለቱ ክር የት ሄደ?»

ቤቲ፦ (ሳቅ) ውይ እናትዬ!

ናቲ፦ «እማ፣ ይሄ ቤዝ ነው፤ ያለው አራት ነው» ብላት ማን ሰምቶኝ። «ክራር እንኳ ስድስት አለው! ሞኝ አግኝተው ነው የሸጡልህ፤ ሂድና መልስ።» ነጠላዋን አንስታ አብራኝ ልትሄድ!

ቤቲ፦ ሄደች?

ናቲ፦ በር ላይ ነው የያዝኳት። እስከ ዛሬ ለጎረቤት ስታወራ «ያ የተታለለበት ጊታር» ነው የምትለው።

ቤቲ፦ ወደ ዲከን።

ናቲ፦ ዲከን። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው። 1951 ሌስተር፣ እንግሊዝ ተወለደ። ለንደን ቼልሲ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ተማረ፤ በከፍተኛ ማዕረግ ነው የተመረቀው። ኩዊን የገባው 1971 ነው። ከሱ በፊት የሞከሯቸው ቤዚስቶች አልሆኑላቸውም። አስቢው፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ዘፋኙ ፍሬዲ ሜርኩሪ አለ፣ ጊታሪስቱ ብራያን ሜይ አለ፣ ድራመሩ ሮጀር ቴይለር አለ። ሌላ የሚጮህ ሰው አያስፈልጋቸውም።

ቤቲ፦ ዝም የሚል ይፈለግ ነበር።

ናቲ፦ በቃ! ደግሞ እጁ ወርቅ ነው። 1972 አካባቢ ቆሻሻ ውስጥ የተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አገኘ። አንስቶ ወሰደው። ትንሽ የስፒከር ሳጥን ውስጥ ገጠመውና በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ አምፕሊፋየር አደረገው። ብራያን ሜይ ጊታሩን እዚያ ላይ እየሰካ በኩዊን አልበሞች ላይ ቀድቶበታል። እነዚያ ቫዮሊን የሚመስሉ ጊታሮች የሉም? ከቆሻሻ ነው የመጡት።

ቤቲ፦ ይሄንን አላውቅም ነበር። የምርህን ነው?

ናቲ፦ የምሬን። እኔም ይሄንን ሰምቼ የአባቴን ቴፕ ፈታሁት።

ቤቲ፦ ሠራ?

ናቲ፦ አምፕሊፋየሩ አልሠራም። ከዚያ ወዲያ ቴፑም አልሠራም።

ቤቲ፦ (ሳቅ) ግን እውነት እንነጋገር ናቲ። ኩዊን ማለት ፍሬዲ ነው። ቤዙን ማን ይሰማዋል?

ናቲ፦ በለው! ቤቲ፣ ሚኒባስ ውስጥ የኋላ ወንበር ተቀምጠሽ ጀርባሽን የሚደልቅሽ ነገር አለ አይደል?

ቤቲ፦ እሱማ አለ፤ ወገቤን ጨርሶታል።

ናቲ፦ እሱ ነው ቤዝ። ሰማሽው። አሁን ደግሞ ይሄንን ስሚ፤ ዱም... ዱም... ዱም...

ቤቲ፦ አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት!

ናቲ፦ በሦስት ዱም አወቅሽው! ፍሬዲ ገና አፉን አልከፈተም። ያንን ዘፈን የጻፈው ዲከን ነው። 1980 አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። ኩዊን የሮክ ባንድ ነው፣ ይሄ ደግሞ ለዳንስ ነው። ሺክ የሚባለው የአሜሪካ የዳንስ ባንድ ሙዚቃ ገብቶበት ነበር። ነጠላ ዘፈን ሆኖ እንዲወጣ የወተወታቸው ማይክል ጃክሰን ነው።

ቤቲ፦ ማይክል ካለማ...

ናቲ፦ ዩር ማይ ቤስት ፍሬንድም የሱ ነው፣ ለሚስቱ የጻፈው። ኤሌክትሪክ ፒያኖውንም ራሱ ነው የተጫወተው፤ ፍሬዲ ያንን ፒያኖ አልወደውም ብሎ። አይ ዎንት ቱ ብሬክ ፍሪም የሱ ነው።

ቤቲ፦ ያ ሴት መስለው የለበሱበት ቪዲዮ?

ናቲ፦ እሱ። አያቷን ሆኖ ኮፍያ አድርጎ ጋዜጣ ይዞ የሚቀመጠው ዲከን ነው። እዚያም ዝም ብሎ!

ቤቲ፦ እሺ፣ ግማሽ አምኜልሃለሁ። ግን ሌላ ሰው ቢዘፍነው ያንን ያህል አይሆንም ነበር።

ናቲ፦ ግማሹ ይበቃኛል። ደግሞ የፒዛው ነገር አለ። 1981 ስዊዘርላንድ ሞንትሮ ውስጥ ከዘፋኙ ዴቪድ ቦዊ ጋር አንደር ፕሬሸር የሚባለውን ዘፈን ሲሠሩ ዲከን ያቺን የቤዝ መስመር ሲጫወት ቆየ። ከዚያ ፒዛ ሊበሉ ወጡ። ሲመለሱ ጠፋችበት።

ቤቲ፦ ፒዛው ውስጥ?

ናቲ፦ ከጭንቅላቱ! ሮጀር ነው አሉ ያስታወሰው። እኔ ከምሳ በኋላ ስሜንም አላስታውስ፣ ስለዚህ አልፈርድበትም።

ቤቲ፦ የላይቭ ኤይድን ኮንሰርት ሳትነካ እንዳትጨርስ። እሱ የኛም ነው።

ናቲ፦ እሱማ የኛ ነው። ለንደን ዌምብሌይ፣ በኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ለኛው ድርቅ ነበር። አባቴ «ሰባ ሰባት» ሲል ድምፁ ይቀየራል፤ እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ ኮንሰርቱን በካሴት አይቼ እጨፍር ነበር። አንድ ነገር መሆናቸውን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

ቤቲ፦ እኔም። ይከብዳል።

ናቲ፦ ኩዊን ሃያ ደቂቃ አካባቢ ነው የተጫወቱት። እና ታውቂያለሽ? ከተጫወቱት ውስጥ የዲከን ዘፈን አንድም የለም። ከኋላ ቆሞ የሌሎቹን ተሸክሞ ወጣ።

ቤቲ፦ ከፍሬዲ ሞት በኋላስ ዲከን ለምን አኩርፎ ጠፋ?

ናቲ፦ አላኮረፈም።

ቤቲ፦ አኩርፏል እንጂ!

ናቲ፦ ፍሬዲ በ1991 ሞተ። ዲከን አንድ ሁለቴ ብቅ አለ። የመጨረሻው መድረክ 1997 ፓሪስ፣ ኤልተን ጆን እየዘፈነ። በዚያው ዓመት አንድ ዘፈን ቀዱና በቃ። 2001 ባንዱ የሮክ የክብር መዝገብ ሲገባ እንኳ አልሄደም። ቤቱ ነው፤ ስድስት ልጆች አሉት።

ቤቲ፦ እኔ ብሆን ለሽልማቱ እሄድ ነበር። ለቀሚሱ ስል።

ናቲ፦ አንቺማ! ጓደኛው ሞተ፣ ሥራው አለቀ፣ ቤቱ ገባ። ምኑ ነው ኩርፊያ?

ቤቲ፦ ትንሽ ኩርፊያ አለበት። እናንት ቤዚስቶች ሁላችሁም አለባችሁ። ያንተ ቤዝ ግን አሁን የት ነው?

ናቲ፦ እማዬ ቤት፣ ቁም ሳጥን ላይ። ለፋሲካ ሄጄ ሳወርደው አንዱ ክር ተበጥሷል።

ቤቲ፦ አየችው?

ናቲ፦ አየችው እንጂ። ቆጠረች። «ይኸው፣ አሁን ደግሞ ሦስት ሆነ!»