«ታላቁ ዳይሬክተር» ያለው ማን ነው?

[ስክሪኑ ላይ፦ «ዝነኛውና ተወዳዳሪ የሌለው ዳይሬክተር…»]

ዊኪፔዲያ ላይ ስለ ፊልም ሰዎች ስንጽፍ እንዲህ ማለት ይቀናናል። ይህን ዓረፍተ ነገር እስቲ እዩት። ምን ነገረን? ጸሐፊው ሰውየውን እንደሚወደው። በቃ።

[ስክሪኑ ላይ፦ የአልፍሬድ ሂችኮክ ፎቶ]

አሁን ይህን ስሙ። ሂችኮክ በምርጥ ዳይሬክተርነት 5 ጊዜ ለኦስካር ታጭቶ አንዴም አላሸነፈም። «ሬቤካ» የተባለው ፊልሙ የ1940 ምርጥ ፊልም ሲባል፣ ሽልማቱ የተሰጠው ለፕሮዲውሰሩ ለዴቪድ ሴልዝኒክ ነው። «ታላቁ» የሚል ቃል የትም የለም። አንባቢው ግን ቁም ነገር ይዞ ሄደ፤ ከፈለገም እያንዳንዷን ነጥብ ማጣራት ይችላል።

ዊኪፔዲያ ገለልተኝነት የሚለው ይህንን ነው። አድናቆት አይከለከልም። አድናቂው ግን ስሙ የሚጠቀስ ሃያሲ ይሁን፤ የት እንደጻፈም ይታወቅ። የነቀፈውም እንደዚያው።

በእኔ ግምት፣ የፊልም ሰዎችን ገጽ ከስድብ ይልቅ የሚያበላሸው ማስታወቂያ ነው። ፊልም ሲወጣ አዘጋጆቹ ለጋዜጠኞች መግለጫ ይበትናሉ። አንዱ ድረ ገጽ እንዳለ ይለጥፈዋል፣ ሌላው ከእሱ ይገለብጣል። አምስት ቦታ ስታገኙት አምስት ምንጭ ይመስላችኋል። ሥሩን ብትከተሉት ግን ሁሉም የሚያደርሳችሁ ባለፊልሙ ራሱ ጋ ነው። ቃለ መጠይቅም ሰውየው ስለ ራሱ ምን እንዳለ ያሳያል እንጂ ላለው ነገር ማስረጃ አይሆንም። የፊልም መረጃ ድረ ገጹ አይኤምዲቢስ? አብዛኛውን መረጃ የሚያስገቡት ተጠቃሚዎች ስለሆኑ ዊኪፔዲያ አስተማማኝ ምንጭ ብሎ አይቀበለውም።

[ስክሪኑ ላይ፦ «ፊልሙ ካን ላይ ታይቷል»]

ይህቺን ደግሞ በደንብ ጠርጥሯት። በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ለዋናው ሽልማት ለፓልም ዶር የሚወዳደሩ ፊልሞች አሉ። በዚያው ሰሞን፣ እዚያው ከተማ የፊልም ገበያም አለ፤ እዚያ ከፍሎ አዳራሽ የያዘ ፊልሙን ለገዢዎች ያሳያል። «ካን ላይ ታየ» ማለት ለሁለቱም ውሸት አይደለም፣ ጉዱም እሱ ነው። የፌስቲቫሉን ይፋዊ ዝርዝር ክፈቱና ፊልሙ በየትኛው ክፍል እንደታየ ጻፉ።

ሰውየው በሕይወት ካለ ደግሞ ደንቡ ይበልጥ ጥብቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካዊው ጋዜጠኛ በጆን ሲገንታለር ገጽ ላይ፣ በኬኔዲ ግድያ ተጠርጥሮ ነበር የሚል ፈጠራ ገብቶ ለወራት ሳይነካ ቆየ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በሕይወት ስላሉ ሰዎች ራሱን የቻለ መመሪያ ወጣ። ዛሬ አወዛጋቢ ሆኖ ምንጭ የሌለው ነገር ውይይት ሳይጠበቅ ይነሳል። «ተከሰሰ» እና «ተፈረደበት»ንም አታምታቱ፤ የሰው ስም ነው።

ባለታሪኩ እናንተው ወይም አለቃችሁ ቢሆንስ? ገጹን አትንኩት። የውይይት ገጹ ላይ ማንነታችሁን ተናገሩ፣ ምንጭ አያይዙና እርማት ጠይቁ። ተከፍሎት የሚጽፍ ሰው ደግሞ ማን እንደከፈለው መግለጽ ግዴታው ነው። ጥያቄውን ሌላ አርታኢ አይቶ ያስገባዋል። ምንጩ ካላሳመነው ደግሞ አያስገባውም።