የ1994ቱ በቆሎ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ስለ በቆሎ ላወራችሁ ነው።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሳውዝ ዳኮታ በሚባል ግዛት ነው፤ ሥራዬ የጭነት መኪና መንዳት። በመኸር ወራት ከገበሬዎች ማሳ በቆሎ እየጫንኩ ሲሎ ወደሚሉት ትልቅ የእህል ጎተራ አመላልሳለሁ። ባለፈው ጥቅምት ሚዛኑ ላይ ተራ ስንጠብቅ አንድ አዛውንት ገበሬ መኪናዬ አጠገብ ቆመው ዋጋው እንደወረደ አጫወቱኝ። «ታዲያ እንዴት ትሆናላችሁ?» አልኳቸው። «ካውንቲያችን፣ ማለትም ወረዳችን፣ ያለው የእርሻ ቢሮ ተመዝግቤያለሁ፤ በሕግ ከተቆረጠው ዋጋ በታች ከወረደ መንግሥት ይሞላልኛል» አሉኝ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር። ያ መረጋጋት ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

የአሜሪካ የእርሻ ሕግ ለበቆሎ፣ ለስንዴ፣ ለአኩሪ አተርና ለሌሎችም መነሻ ዋጋ ይቆርጣል። የዓመቱ የአገሪቱ አማካይ ዋጋ ከዚያ ከወረደ ለተመዘገበው ገበሬ ልዩነቱ እየታሰበ ይከፈላል። የበቆሎው 3 ዶላር ከ70 ሳንቲም ነበር፤ በፈረንጆቹ 2025 የወጣው ሕግ 4 ዶላር ከ10 አድርጎታል። ይህ ቡሼል ለሚሉት ለአንድ የእህል መስፈሪያ ነው፤ ወደ አራት ቡሼል ገደማ አንድ ኩንታል ይሞላል።

እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ፤ ምዕራብ ጎጃም። በ1994 ሰማዩም መሬቱም ሰጥተውን ነበር። አባቴ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ወስዶ ዘራ፤ ጎተራው ሞልቶ የተረፈው ደጅ ተከመረ። ገበያ ሲወጣ ግን የሁሉም ጎተራ ሞልቷል። ኩንታሉን በ25 ብር ሸጠ። ጭነቱን ከአህያዋ አውርዶ፣ ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ፣ መሐረብ ውስጥ ሲቋጥር አጠገቡ ቆሜ ነበር። የማዳበሪያ ዕዳ ቀን አይሰጥም፤ ዳልቻው በሬያችን ተሸጠ። «ድርቅ ቢሆን ለእግዚአብሔር እናገር ነበር። ጥጋብን ለማን ልክሰስ?» ይል ነበር።

በዚያው ዓመት፣ ግንቦት 1994፣ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የእርሻ ሕግ ፈረሙ። ለበቆሎ የተቆረጠው ዋጋ በቡሼል 2 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነበር። በጭነት ደረሰኝ ጀርባ ላይ በጊዜው ምንዛሪ አሰላሁት፤ ለኩንታል ከ80 ብር በላይ ይመጣል። እጄ ደረሰኙ ላይ ቀረ።

አባቴ በቀጣዩ ክረምት ዕዳ ፈርቶ ማዳበሪያ አልወሰደም፤ እንደ እርሱ ያደረገም ብዙ ነበር። ያን ዓመት ደግሞ በብዙ የአገራችን ክፍል ዝናቡ ቀረ። ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የዕለት ደራሽ እርዳታ ፈላጊ ሆነ፤ የአሜሪካ እህል በመርከብ መጣ። ስንዴው ነፍስ አድኗል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ገዢ አጥቶ ማሳ ላይ የቀረውን የእኛን በቆሎ ማን አሰበው?

ለአዛውንቱ አልተመቀኘሁም፤ እንኳንም ተሞላላቸው። ቅር የሚለኝ ክፍያው በሰው ሳይሆን በመሬት መለካቱ ነው። ለማሳው ቀድሞ በተመዘገበለት የሰብል ስፋት ይታሰባል፤ ዘንድሮ በቆሎ ባይዘራበትም የበቆሎው ክፍያ አይቀርም። ሰፊ መሬት ያለው ብዙ ያገኛል። ተከራይቶ የሚያርስ ወጣት ገንዘቡ በእጁ ቢገባም፣ ባለመሬቱ ኪራይ ሲጨምርበት ከፊሉ ተመልሶ ይሄዳል። «መሬት ላራሹ» ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ቶሎ ይታየዋል።

እሑድ ለአባቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ለስንት ዓመት ነው እንዲህ የደገፏቸው?» አለኝ።

«በፕሬዚዳንታቸው በሩዝቬልት ጊዜ ነው የተጀመረው አባዬ፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት።»

ትንሽ ቆየ። «እኔ እኮ» አለ፣ «የቸገረኝ ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር።»